አህሪ የሚለው ስም ከማን መጣ? የሥጋ ደዌን ጀርም ያየው ሐኪም

አዲስ አበባ ዘነበወርቅ፣ አለርት ግቢ ውስጥ አርማወር ሃንሰን የሚባል የምርምር ኢንስቲትዩት አለ። በኮሮና ምርመራ ጊዜ አህሪ ሲባል ሰምታችኋል፤ እሱ ነው። በ1970 ሲቋቋም ስሙን የወሰደው ከኖርዌያዊ ሐኪም ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ጌርሃርድ አርማወር ሃንሰን በ1841 በርገን ከተማ ተወለደ። ያኔ በርገን የሥጋ ደዌ ታማሚ የበዛባት ከተማ ነበረች። ሕክምና ተምሮ እዚያው ሲቀጠር አለቃው ዳንየልሰን በዘርፉ አንቱ የተባለ ሰው ነበር፤ በሽታው በዘር ይወረሳል ብሎ ያምናል። ለሃንሰን ይሄ አልተዋጠለትም። በ1873 ከታማሚ እባጭ በወሰደው ናሙና ላይ እንደ ዘንግ የቀጠኑ ባክቴሪያዎችን በማይክሮስኮፕ አየ። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት የዳንየልሰንን ልጅ አግብቶ ነበር! ዓመት ሳይሞላ ግን በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት።

ጀርሙ የሚመርጠው ቤት አለው። ነርቭን እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ አስቡት። የነርቩን ክር የሚጠቀልሉ፣ መልእክት ቶሎ እንዲያልፍ የሚያደርጉ፣ ክሩንም የሚመግቡ ሴሎች አሉ፤ የሽዋን ሴል ይባላሉ፣ ወገናቸው ግሊያ ነው። ከክሩ ጋር በኬሚካል ይነጋገራሉ። ጀርሙ የሚገባው እነሱ ውስጥ ነው፤ ጠባቂው ሲታመም ክሩም አብሮ ይጎዳል። ሰውየው የጋለ ጀበና ይዞ አይሰማውም፣ እሾህ ወግቶት ዝም ብሎ ይሄዳል። ጣት የሚጠፋው እንዲህ ሳይታወቅ በሚመረቅዝ ቁስል ነው እንጂ ጀርሙ ሥጋ በልቶ አይደለም።

ሃንሰን ግን ንጹሕ ሰው አልነበረም። በ1879 በሽታው እንደሚተላለፍ ለማሳየት ብሎ አንዲትን ታማሚ ሳያስፈቅድ፣ ከሌላ ሰው ቁስል በተወሰደ ነገር ዓይኗን ወጋ። ተከሰሰ፤ በ1880 ተፈርዶበት የሆስፒታል ሥራውን አጣ። የአገሪቱ የሥጋ ደዌ ኃላፊነቱ ግን እንዳለ ቀረለት። እኛን ይሄ እስካሁን ይከነክነናል።

በ1912 ሲሞት ፈዋሽ መድኃኒት ገና አልነበረም። ዛሬ አለ። እኛ ጋ ግን፣ አንገር ጉቲንም ሆነ ነቀምቴ፣ ጋብቻ ሲታሰብ እዚያ ቤት ሥጋ ደዌ ነበረ ወይ ብሎ ማጣራት አልቀረም፤ ዳንየልሰን አሁንም ያሸንፋል። ይህን የፈራ ልጅ ቆዳው ላይ ነጣ ያለና የደነዘዘ ምልክት ሲያይ በሸሚዝ ይሸፍነዋል። መድኃኒቱ በነጻ ነው፤ እንደ ዓይነቱ 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል። ቶሎ የጀመረ ሰው ነርቩ ሳይሞት ይደርስለታል። የሞተውን ግን መድኃኒቱ አይመልሰውም።