የተውከው ምግብ ለማን ደረሰ?

የዳግማዊ ምኒልክ ስም ሲነሣ ቶሎ ትዝ የሚልህ ዐድዋ ነው። እስቲ ዛሬ ደግሞ ከዐድዋ አስቀድሞ የገጠማቸውን ሌላ ፈተና ጾምህን እያሰብክ ስማ።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ለደብረ ብርሃን ቅርብ በሆነችው አንጎለላ ተወለዱ። በ1848 ዓ.ም. አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ ገና ልጅ ነበሩ፤ በዐፄ ቴዎድሮስ ተይዘው ሄዱ። 10 ዓመት ያህል ከአገራቸው ርቀው ኖረው በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ። ከቤት መነቀልን በልጅነታቸው ቀምሰውታል።

ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ ክፉ ቀን መጣ። ከባሕር ማዶ የገባ የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ በሬ ሲያልቅ እርሻም ቆመ። ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት። በዚያው ዓመት መጋቢት ዐፄ ዮሐንስ በመተማው ጦርነት ወደቁ። የተራበው ሕዝብ ቀዬውን ጥሎ ተሰደደ።

ታዲያ ንጉሡ ምን አደረጉ? ጎተራቸውን ከፍተው የተራበውን አበሉ። ሕዝቡ በሬ አጥቶ ሳለ እሳቸው የበሬ ሥጋ ሊበሉ አልወደዱም፤ ተዉት። በዚያም አላበቁም። ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ። ንጉሥ ሲቆፍር ያየ መኳንንት እንዴት ይቀመጥ? እሱም ተከተለ።

ልብ በል! ሥጋ መተው ብቻውን ማንንም አያጠግብም፤ ያጠገበው ጎተራውና ዶማው ነው። ያም ሆኖ ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ ይባላል። የአንድ ሰው ጎተራ፣ የንጉሥም ቢሆን፣ ለአገር አይበቃም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደብረ ሲና ሲደርስ ደብረ ብርሃን በተፈናቃይ ተሞላች። ከወሎም ከወለጋም የመጡ ነበሩ። ያን ጊዜ ንጉሥ አልተጠበቀም። የከተማው ሰው ካለችው ላይ ቆርሶ አካፈለ። አንዱ ዱቄት፣ አንዱ ማገዶ፣ አንዱ ጉልበቱን ካዋጣ ድስቱ ይጣዳል።

እንግዲህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስንጾም ያልበላነው ምሳ ለማን ደረሰ? መሶብ ውስጥ ቆይቶ ማታ እኛው ከበላነው ሰዓት ቀየርን እንጂ ምኑን ጾምነው? ከጎረቤትህ ጋር ተጠራራ፤ የተውከውን አዋጣ፤ አንድ ድስት ጣዱ።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ዶማው ግን ዛሬም የሚያነሣው ሰው ይፈልጋል።

አምላካችን ጾማችንን ከምጽዋታችን ጋር ይቀበልልን። አሜን።