ሂካ፦ የኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወት በሦስት ቃላት ፍቺ

ከአሶሳ ወደ ሱዳን የሚዘልቀው መንገድ ድንበሩን የሚሻገረው ኩርሙክ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 መባቻ ከካርቱም የተነሣ አንድ አነስተኛ የስዊድን ሚስዮን ጓድ በዚሁ በቤንሻንጉል ጠረፍ በኩል ወደ ወለጋ ለመግባት ሞክሮ ሳይሳካለት ተመለሰ። በዚያ ጉዞ በንዳድ ከታመሙት መካከል ኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሱት ኦኔሲሞስ ነሲብ ይገኙበታል። የእኚህ ሰው ሕይወት ከሦስት ቃላት ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው።

የመጀመሪያው ቃል የልጅነት ስማቸው ነው። በ1856 ገደማ ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ የተወለዱት ልጅ ሂካ ይባሉ ነበር። የስሙ ምንጭ የሆነው «ሂኩ» የተሰኘ የኦሮምኛ ግሥ ቋጠሮን መፍታትም፣ ንግግርን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ መመለስም ይሆናል። በግዕዝ «ፈትሐ» ከፈተ፣ ፈታ፣ ፈረደ ማለት ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር የሚዛመደው የአማርኛው «ፈታ» ለእስረኛም፣ ለትዳርም፣ ለሕልምም ያገለግላል። በትንቢተ ዳንኤል የአራማይክ ክፍልም ሕልም መተርጐምና ቋጠሮ መፍታት የአንድ ሰው ችሎታዎች ሆነው ተጠቅሰዋል። ኦሮምኛ ከኩሽ፣ ግዕዝና አራማይክ ከሴም ቤተሰብ በመሆናቸው፣ ተመሳሳይነቱ የምስል እንጂ የሥር አይደለም። በአንጻሩ «ተርጓሚ» የሚለው ስም እስከ አካድኛው «ታርጉማኑ» ድረስ የሚደርስ የዘር ሐረግ አለው።

ሂካ ገና በልጅነታቸው በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ወድቀው ከባለቤት ወደ ባለቤት ተሸጡ። በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር ምጽዋ ላይ ነፃ አውጥቶ ለስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ሰጣቸው። በ1872 ሲጠመቁ ሁለተኛውን ቃል ተቀበሉ፤ እርሱም ኦኔሲሞስ ነው። ስሙ በግሪክኛ ጠቃሚ ማለት ሲሆን፣ ወደ ፊልሞና በተጻፈው መልእክት ውስጥ የሚገኝ የአንድ ባሪያ ስም ነው። ጳውሎስ በዚያ መልእክት የማይጠቅምና የሚጠቅም የሚሉትን ቃላት ጎን ለጎን አሰልፎ በስሙ ፍቺ ይጫወታል። ከባርነት ለወጣ ወጣት ይህ ስም ያለፈውንም የሚጠበቅበትንም የሚያስታውስ ነበር።

ኦኔሲሞስ ከ1876 እስከ 1881 በስዊድን ተምረው ተመለሱ። የቤንሻንጉሉ ሙከራ ከከሸፈ በኋላ፣ በ1886 በእንጦጦ በኩል ወደ ወለጋ ለመዝለቅ ያደረጉት ጥረትም ፈቃድ ባለማግኘቱ ወደ ምጽዋ ተመልሰው በትርጉም ሥራ ላይ አተኮሩ። ዋናው ችግር የቃላት እጥረት ነበር፤ ከአገራቸው በልጅነት የተለዩ በመሆናቸው የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በእጃቸው ሙሉ አልነበረም። ይህን ክፍተት በመሙላት ረገድ እንደ እርሳቸው ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ የላቀ ድርሻ አላት። የኦሮምኛ ቃላትንና የቃል ሥነ ጽሑፍን ሰብስባ ለትርጉሙ መሠረት አኖረች።

ሦስተኛው ቃል «ካኩ» ነው። የግሪክኛው «ዲያቴኬ» ኑዛዜንም ቃል ኪዳንንም የሚያመለክት በመሆኑ ለተርጓሚ አስቸጋሪ ነው። በኦሮምኛው ትርጉም ግን አዲስ ኪዳን «ካኩ ሃራ» ተባለ፤ ካኩ መሐላ ነው። ስለዚህ ቃሉ ከግዕዝ በውሰት ሳይወሰድ፣ አንባቢው በሽምግልናና በእርቅ ከሚያውቀው ልማድ ተገኘ። አዲስ ኪዳን በ1893፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተሙ።

ኦኔሲሞስ ወደ ወለጋ የገቡት በ1904 ነው። ቦጂና ነቀምት ላይ አስተማሩ፤ ክስ ቀርቦባቸው ከስብከት የታገዱበት ጊዜም ነበር። በ1931 አረፉ። «ካኩ» የሚለው ቃል ዛሬም በኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሽፋን ላይ ይነበባል።