ጆን ኮርዲክ፦ በጡጫው እንጀራ የበላው የሆኪ ተጫዋች

የበረዶ ሆኪ እኛ ዘንድ ብዙ ተመልካች የለውም። ፔታህ ቲክቫ የእግር ኳስ ከተማ ናት፤ በእስራኤል ሆኪ ሲነሳም ቶሎ ትዝ የሚለን በሰሜን ጫፍ መቱላ ያለው የካናዳ ማዕከል ነው። የዛሬው ታሪክ ግን የስደተኛ አባትና የልጁ ታሪክ ስለሆነ፣ ጨዋታውን የማታውቁም ትረዱታላችሁ።

ጆን ኮርዲክ ማርች 22 ቀን 1965 በካናዳ ኤድመንተን ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከክሮኤሺያ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። በወጣትነቱ ተከላካይ ሆኖ ይጫወት ነበር፤ በ1983 ታላቁ የሞንትሪያል ካናዲያንስ ክለብ መረጠው። ክለቡ ከሁሉ በላይ የፈለገው ግን ጡጫውን ነበር።

ይህ ለእግር ኳስ ተመልካች እንግዳ ነገር ነው። በሰሜን አሜሪካ ሆኪ ሁለት ተጫዋቾች ጓንታቸውን ጥለው ሲደባደቡ፣ ዳኞቹ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ እስኪወድቅ ቆመው ያያሉ። ከዚያ ሁለቱም ከሜዳው ዳር 5 ደቂቃ ተቀጥተው ይቀመጡና ይመለሳሉ። ስለዚህ ክለቦች ጎል አግቢዎቻቸውን የሚጠብቅ አንድ ጉልበተኛ ይቀጥሩ ነበር። ኮከባቸውን የነካ ሰው ከእሱ ጋር ይገጥማል። ኢንፎርሰር ይሉታል፤ እኛ የቡድኑ ዘበኛ ብንለው ያስኬዳል።

ኮርዲክ በዚህ ሥራ ቶሎ ታወቀ። በ1986፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ ከሞንትሪያል ጋር የስታንሊ ዋንጫን አነሳ። ሲደባደብ ሕዝቡ ከመቀመጫው ይነሳለት ነበር። አባቱ ግን ልጃቸው እንዲጫወት እንጂ እንዲደባደብ አልፈለጉም። እሱም ቢሆን እንደ ተጫዋች መታየት ይመኝ ነበር፤ ደመወዝ የሚከፈለው ግን ለቡጢው ነው።

በኖቬምበር 1988 ሞንትሪያል ለቶሮንቶ ሰጠውና በምትኩ ፈጣኑን አጥቂ ረስ ኮርትናልን ወሰደ። የቶሮንቶ ደጋፊዎች ይህን ልውውጥ ክለባቸው ከሠራቸው ትልልቅ ስህተቶች አንዱ አድርገው እስከ ዛሬ ያነሱታል። የተወቀሰው ደግሞ ኮርዲክ ነው፤ ራሱን የለወጠ ይመስል!

በ1989 አባቱ አረፉ። ልጁ የመረጠውን መንገድ እንደጠሉ ሞቱ፤ ይህም ጸጸት ከውስጡ አልወጣም። መጠጡና ኮኬይኑ በረቱ፤ ሰውነቱን ለማፈርጠም የሚወስደው ስቴሮይድም ነበር። በ1991 ዋሽንግተን ወሰደው፤ በመጠጥ ምክንያት ታግዶ ብዙም አልቆየ። ቀጥሎ ኩቤክ ተቀበለው፤ እዚያም አልዘለቀም።

ኦገስት 8 ቀን 1992 በኩቤክ አንድ ሞቴል ውስጥ ረብሻ ተነሳና ፖሊስ ተጠራ። ብዙ ፖሊሶች ታግለው በግድ አሰሩት። በአምቡላንስ ሲወሰድ መንገድ ላይ ሞተ። 27 ዓመቱ ነበር።

በሊጉ 244 ጨዋታ ተጫውቶ 17 ጎል አግብቷል፤ በቅጣት የተመዘገበበት 997 ደቂቃ ነው። አንድ ጨዋታ 60 ደቂቃ በመሆኑ፣ ከ16 ሙሉ ጨዋታ በላይ መሆኑ ነው።

ታናሽ ወንድሙ ዳን ኮርዲክም በ1991 ለፊላደልፊያ መጫወት ጀምሮ ነበር። ወንድሙ ከሞተ በኋላም እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ቀጠለ፤ ሥራውም ያው የዘበኝነቱ ሥራ ነበር።