ወርቅን ቀልቶ ያየው መጽሐፍ ጠራዥ

ወርቅ ቢጫ ነው፤ አንጣሪውም፣ ጌጡን ያጠለቀችውም ይህንኑ ያውቃሉ። ይሁንና ወርቅ እየደቀቀ ሄዶ በዓይን ከማይታይ መጠን ሲደርስ ቢጫነቱ ይጠፋል። በውሃ ውስጥ ተበትኖ ወደ ብርሃን ሲያዩት እንደ ሮማን ፍሬ ይቀላል። የብርጭቆ ሠሪዎች ይህን ቀይ ቀለም ለዘመናት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ምክንያቱን በቤተ ሙከራ ተቀምጦ ከመረመሩት ሰዎች ቀዳሚው ግን እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ ነው።

ፋራዳይ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1791 በለንደን አቅራቢያ ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ጤና ያጣ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። የእህል ዋጋ በናረበት በ1801 ለትንሹ ማይክል ለሳምንት የሚሆነው አንድ ዳቦ ብቻ ይሰጠው እንደነበር ይነገራል። ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከመደመር መቀነስ ያለፈ ትምህርት አላገኘም። በ14 ዓመቱ ለአንድ መጽሐፍ ጠራዥና ሻጭ ለሰባት ዓመት ሙያ ተማሪነት ተሰጠ። ሌሎች ጠራዦች መጽሐፉን ይሰፋሉ፤ እርሱ ግን የሚሰፋውን ያነብ ነበር። ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ኬሚስትሪ ያወቀው መጀመሪያ ከዚያው ከሥራ ጠረጴዛው ላይ ነው።

በ1812 አንድ የሱቁ ደንበኛ የታዋቂውን ኬሚስት የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርት የሚያዳምጥበት የመግቢያ ወረቀት ሰጠው። ፋራዳይ የሰማውን ሁሉ ጽፎ፣ ሥዕል ጨምሮ፣ በገዛ እጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በቀጣዩ ዓመት በለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን የቤተ ሙከራ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ከዴቪ ጋር በአውሮፓ ሲጓዝ የጌታው ሚስት እንደ አሽከር ትቆጥረው ነበር። ውርደቱን ችሎ፣ ትምህርቱን ይዞ ተመለሰ።

በ1831 ማግኔትን በሽቦ ጥቅል ውስጥ በማንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ማመንጨት እንደሚቻል አሳየ። የግድቦቻችን ተርባይኖች የሚያዞሩት ጄነሬተርም ሆነ በየመንደሩ በእንጨት ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር የቆሙት በዚህ ግኝት ላይ ነው። ይህን ብዙዎች ያውቁታልና እዚህ አንዘገይበትም። ብዙም የማይወራለት በእርጅናው ዋዜማ የያዘው ሥራ ነው።

በ1856 ፋራዳይ 64 ዓመቱ ነበር። የማስታወስ ችሎታው ከዓመታት በፊት ጀምሮ እየከዳው ነበር፤ የሠራውን እንዳይረሳ እያንዳንዱን ሙከራ ተራ ቁጥር እየሰጠ በማስታወሻው ያሰፍር ነበር። በዚህ ጊዜ ነው ወርቅና ብርሃን ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለማወቅ የተነሣው። ተቀጥቅጦ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር አሥር ሺህኛ እጅ የማይበልጥ የወርቅ ቅጠል ወስዶ ወደ ብርሃን አነሣው። ከላይ ሲያዩት ቢጫ የሆነው ወርቅ ብርሃን ሲያልፍበት አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ በላይ ሊያሳሳው ብዙ ደከመ። በዚህ መካከል የወርቅ ስስ ሽፋን የሠራባቸውን መስታወቶች ያጠበበትን ፈሳሽ አየ፤ ቀይ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እጣቢ ነው ብሎ በደፋው ነበር።

ፋራዳይ ግን ያን ፈሳሽ ሆን ብሎ ማዘጋጀት ጀመረ። በአሲድ የሟሟ ወርቅ ባለበት ውሃ ላይ ፎስፈረስ ሲጨምር ፈሳሹ ቀላ። ጨው ጠብ ሲያደርግበት ደግሞ ወደ ሰማያዊ ተለወጠ። ጠባብ ጨረር ሲያሳልፍበት የጨረሩ መንገድ፣ በቆርቆሮ ቀዳዳ የገባ ፀሐይ በጎጆ ጭስ ውስጥ እንደሚታየው፣ ቦግ ብሎ ታየ። ከዚህ ተነሥቶ ወርቁ እንደ ስኳር እንዳልሟሟ፣ ወርቅነቱን ሳይለቅ እጅግ ደቅቆ እንደተንሳፈፈ፣ የቀለሙም ልዩነት ከደቃቆቹ መጠን እንደሚመጣ ደመደመ። ደቃቆቹን ግን አላያቸውም፤ የሚያሳይ መሣሪያም በዘመኑ አልነበረም።

በመቶዎች የሚቆጠሩ ናሙናዎች አዘጋጅቶ በየካቲት 1857 ውጤቱን ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። ተስፋ ያደረገው የብርሃንን ባሕርይ ራሱን መግለጥ ነበርና ለእርሱ የልፋቱ ፍሬ ትንሽ ነበር። በዚያው ዓመት የዚሁ ማኅበር ፕሬዚዳንት እንዲሆን ሲጠየቅ አልፈልግም አለ፤ የባላባትነት ማዕረግም አልተቀበለም። በ1867 አረፈ፤ ሃይጌት በተባለው መካነ መቃብርም ጌጥ በሌለው ድንጋይ ሥር ተቀበረ።

የጀመረውን ጥያቄ ጀርመናዊው ጉስታቭ ሚ በ1908 በሒሳብ ፈታው። በአሁኑ አነጋገር ነገሩ እንዲህ ነው፦ በብረታ ብረት ውስጥ እንደ ልብ የሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሮኖች አሉ። የወርቁ ቅንጣት ጥቂት አሥር ናኖሜትር ብቻ ሲሆን (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ እጅ ነው) የብርሃን ሞገድ ኤሌክትሮኖቹን በአንድነት፣ በቅል እንዳለ ወተት፣ ወዲያና ወዲህ ይንጣቸዋል። ለዚህ ንጠት የሚስማማው አረንጓዴው ብርሃን ስለሆነ ቅንጣቱ እርሱን ይውጣል፤ ቀዩ ያልፋል። ቅንጣቶቹ ሲጠጋጉ ንጠቱ ስለሚለወጥ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ጨው የሠራው ይህንኑ ነበር። ፕላዝሞኒክስ የሚባለው የዛሬው የምርምር ዘርፍ ከዚህ የበቀለ ነው።

ይህ ከእኛ የራቀ ነገር አይደለም። በቆላማ ወረዳዎቻችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትኩሳት የያዘውን ልጅ ጣት ወግታ አንዲት ጠብታ ደም በመመርመሪያው ላይ ታኖራለች። እናት ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቃለች። ከብዙዎቹ የወባ ፈጣን መመርመሪያዎች ላይ ብቅ የሚለው ቀይ መስመር ቀለም ተቀብቶ አይደለም፤ የወባውን ፕሮቲን የያዙ ደቃቅ የወርቅ ቅንጣቶች በአንድ ሥፍራ ሲከማቹ የሚታየው ነው።

ፋራዳይ በእጁ ያዘጋጃቸው የወርቅ ፈሳሾችም አልጠፉም። ከ160 ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ ዛሬም በሮያል ኢንስቲትዩሽን በጠርሙስ ተቀምጠዋል፤ ወርቁም ሳይዘቅጥ እንደቀላ ነው።