አባ ሙሴ ጸሊም፦ በወንድሙ ላይ አልፈርድም ያለው የቀድሞ ሽፍታ

ዛሬ የማካፍላችሁ ቤተ ክርስቲያን ሰኔ 24 ቀን የምታስበውን የአንድ አባት ታሪክ ነው። ስሙ ሙሴ ነው፤ መልኩ ጥቁር ስለነበረ ሙሴ ጸሊም ይሉታል። የኖረው ከ1600 ዓመት በፊት ግብፅ ውስጥ ነው።

የጥንት መጻሕፍት ኢትዮጵያዊ ይሉታል። በዚያ ዘመን ግን ግሪኮች ከአስዋን በስተደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ በዚህ ስም ነበር የሚጠሩት። ስለዚህ ሱዳኑም እኛም የኛ ነው ብንል አያጣላንም።

ታሪኩን ከሞተ ብዙም ሳይቆይ የጻፈው ጳላዲዮስ የሚባል ሰው ነው። ሙሴ መጀመሪያ የአንድ ባለሥልጣን የቤት አገልጋይ ነበር። ጠባዩ አስቸጋሪ ስለሆነና ስለሚሰርቅ ጌታው አባረረው። ከዚያ የሽፍቶች አለቃ ሆነ፤ ሰው ገድሏል እየተባለም ይወራ ነበር። አንድ ሌሊት አንድ እረኛ ከነውሾቹ ያሰበውን ነገር ስላበላሸበት ቂም ያዘ። እረኛው ከዓባይ ማዶ ነው፣ ወንዙ ደግሞ ሞልቷል። ሙሴ ልብሱን ራሱ ላይ አስሮ፣ ቢላዋውን በጥርሱ ነክሶ፣ ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው ተደብቆ ስላመለጠው አራት ሙክት አርዶ በገመድ አሰረና እየጎተተ እንደገና ዋኝቶ ተመለሰ። ካርቱም ላይ ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ የሚገናኙበትን መግረንን በክረምት ያየ ሰው፣ ይሄ ምን ዓይነት ጉልበት እንደሚጠይቅ ይገባዋል።

ይሄ ሰው ነው እንግዲህ ልቡ ተሰብሮ፣ ዛሬ ዋዲ ናትሩን ወደሚባለው ወደ አስቄጥስ በረሃ ገብቶ የመነኮሰው። ግን በአንድ ቀን አልተለወጠም። የድሮው ፍላጎት እየተነሳ ያስጨንቀው ስለነበር ወደ አባ ኤስድሮስ እየሄደ ይመከር ነበር። ሌሊት ሌሊትም ማንም ሳያየው የሽማግሌ መነኮሳትን እንስራ እየወሰደ ውኃ ይቀዳላቸው ነበር። ውኃው ሩቅ ነው፤ ለአንዳንዱ በዓት ብዙ ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። አንድ ሌሊት ጉድጓዱ አጠገብ በዱላ ተመትቶ ወደቀ፤ ለመዳን አንድ ዓመት ያህል ፈጀበት።

አንድ ጊዜ አራት ሌቦች ማን መሆኑን ሳያውቁ በዓቱ ገቡ። ጉልበቱ ገና ነበርና አራቱንም አስሮ፣ እንደ ጭድ ጆንያ ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን አደረሳቸው። እሱ ማንንም መጉዳት እንደማይገባው ነግሮ፣ ምን ይደረጉ ሲል ወንድሞቹን ጠየቀ። ሌቦቹም ያ ታዋቂው ሽፍታ ሙሴ መሆኑን ሲያውቁ ደንግጠው እነሱም መነኮሱ።

በሌላ ቀን አባቶች ትዕግሥቱን ሊፈትኑ በጉባኤ መካከል ስለ ጥቁረቱ አንቋሸሹት። ዝም አለ። በኋላ ሲጠይቁት ልቡ እንደታወከ፣ ግን እንዳልተናገረ ነገራቸው። ትሕትና ማለት ስድብ አይሰማም ማለት አይደለም፤ ይሰማል፣ ያማል፣ አፍ ግን ይያዛል።

በጣም የሚታወቅበት ግን ይሄ ነው። አንድ መነኩሴ በደል ሠራና አባቶች ሊፈርዱበት ተሰበሰቡ። ሙሴን ጠሩት፣ አልመጣም። ሁሉም እየጠበቁት እንደሆነ ሁለተኛ ተላከበት። ያን ጊዜ የተቀደደ እንስራ ውኃ ሞልቶ፣ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። በሌላ መጽሐፍ አሸዋ የያዘ ቅርጫት ነው። አባቶች ወጥተው ሲያዩት ውኃው ከኋላው ይንጠባጠባል። ምን እንደሆነ ጠየቁት። የራሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ እሱ እንደማያየው፣ ዛሬ ግን በሌላ ሰው ስህተት ሊፈርድ እንደመጣ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ ወንድማቸውን ይቅር አሉት።

ካምፕ ውስጥ ድንኳን ከድንኳን ተጠጋግቶ ስለሚተከል የጎረቤት ነገር ሁሉ ይሰማል። ውኃ ሰልፍ ላይ ማን ከየት እንደመጣ፣ ማን አገሩን በምን ምክንያት እንደለቀቀ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደታየች ይወራል። ወሬው ከራሽን ካርዱ በፊት ይደርሳል። ሰው ቤቱን፣ ሥራውን፣ ዘመዱን አጥቶ ከቀረው ነገር አንዱ ስሙ ነው፤ እሱንም እኛ እንነጥቀዋለን።

አንዳንዱ ታዲያ ጥፋት ዝም ይባል ወይ ብሎ ይጠይቃል። አይባልም። ሙሴ ሌቦቹን አሰራቸው እንጂ ስረቁኝ አላለም። ሕፃን ወይም ሴት ሲበደል ዝም ማለት ትሕትና አይደለም፤ ለሚመለከተው መናገር ግዴታ ነው። ሙሴ ያልፈለገው ራሱን ንጹሕ አድርጎ በወንድሙ ላይ ዳኛ ሆኖ መቀመጥን ነው።

በመጨረሻ፣ በ400ዎቹ መጀመሪያ በርበሮች ገዳሙን ሊወርሩ ሲመጡ ወንድሞቹ እንዲሸሹ ነገራቸው። እሱ ግን አልሸሸም። በሰይፍ የኖረ ሰው በመሆኑ ይህንን ቀን ሲጠብቅ መኖሩን ነግሯቸው ቀረ። አብረውት የቀሩት ሰባት ነበሩ፤ አንዱ ሰሌን ውስጥ ተደብቆ ሲተርፍ ሌሎቹ ከሙሴ ጋር ተገደሉ። አጽሙ እስከ ዛሬ በባራሙስ ገዳም አለ።

እንግዲህ ነገ ጀሪካን ይዘን ስንሰለፍ የሰው ስም ከተነሳ፣ የሙሴን እንስራ እናስታውስ። ከኋላችን የሚንጠባጠበውን እኛ አናየውም እንጂ ከኋላችን የቆመው ያየዋል።

የአባታችን በረከት ይደርብን፣ አሜን።