ሐኪሙ ፋኖን

ፍራንዝ ፋኖንን አብዛኞቻችን የምናውቀው ስለ ቅኝ ግዛት በጻፋቸው መጻሕፍት ነው። የአእምሮ ሕመም ሐኪም እንደ ነበረ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። እኛም በዚህ ገጽ የምናወሳው ሐኪሙን ነው፤ ዓመቶቹም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1925 በማርቲኒክ ደሴት ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለፈረንሳይ ተዋግቶ ቈሰለ፤ ከዚያም በሊዮን ከተማ ሕክምና ተማረ። ቀጥሎ በሳንታልባን ሆስፒታል ከፍራንስዋ ቶስኬል ዘንድ አንድ አዲስ ዘዴ ቀሰመ፤ ይኸውም በሽተኛውን ቈልፎ በማስቀመጥ ፈንታ በሥራ፥ በጨዋታና በስብሰባ ከሰው ጋራ መኖርን እንደገና ማስለመድ ነው።

በ1953 መጨረሻ በአልጄሪያ የብሊዳ ሆስፒታል ተሾመ። በኀላፊነቱ ሥር 165 አውሮፓውያን ሴቶችና 220 ሙስሊም ወንዶች ነበሩ። በሁለቱም ክፍል ያንኑ ዘዴ ጀመረ፤ በዓል፥ መዝሙር፥ ጋዜጣ፥ የእጅ ሥራ። የሴቶቹ ክፍል ብዙም ሳይቈይ ነፍስ ዘራ። ወንዶቹ ግን ዝም አሉ፤ ወደ ስብሰባው የሚመጣውም ሲመጣ ሲመጣ አነሰ።

እዚህ ላይ የአልጀርስን ሊቃውንት ማስታወስ ያስፈልጋል። ፕሮፌሰር አንትዋን ፖሮና ተከታዮቹ የሰሜን አፍሪካ ሰው በተፈጥሮው አእምሮው ያልበሰለና ለጠብ የሚቸኩል ነው እያሉ ያስተምሩ ነበር። በዚህ ትምህርት ለሄደ ሰው መልሱ ቀላል ነው፤ ጉድለቱ የበሽተኛው እንጂ የመድኀኒቱ አይደለም።

ፋኖንና ረዳቱ ዣክ አዙሌ ግን በ1954 ባሳተሙት ጽሑፍ ጥፋቱን ከራሳቸው ላይ ጣሉ። ለወንዶቹ ስፌት ሰጥተዋቸው ነበር፤ ስፌት ግን በዚያ አገር የሴት ሥራ ነው። (የእኛስ ባላገር ሰፌድ ስፋ ቢሉት ምን ይል ነበር?) ዐረብኛ ስለማያውቅ ፋኖን የሚያነጋግራቸው በአስተርጓሚ ነበር፤ አስተርጓሚን ደግሞ የሚያውቁት በፍርድ ቤትና በመንግሥት ቢሮ ነው። ታዲያ በዚህ አኳኋን የልቡን የሚናገር ማን ነው?

ስለዚህ የአገሩን ልማድ ይጠይቅ ጀመር። ገበሬዎቹ መቈፈሪያ ቢሰጣቸው ሳይታዘዙ አፈሩን ማገላበጥ ያዙ። በግቢው ውስጥ የአገር ቡና ቤት ተከፈተ፤ የእስልምና በዓላት ተከበሩ፤ ሙፍቲው እየመጣ ጸሎት አደረሰ፤ ተረት ተራኪም ተጠራ።

በ1956 ደግሞ ከፍራንስዋ ሳንሼዝ ጋራ የማግሬብ ሰው ዕብደትን እንዴት እንደሚያይ ጻፈ። በዚያ አገር ያበደው ሰው የሚናገረውም የሚያደርገውም የጂኒው ነው ይባላል፤ ስለዚህ ማንም አይቀየመውም፤ ሲድንም ያለ ነቀፋ ወደ ወገኑ ይመለሳል። ፋኖን ጂኒ አለ አላለም፤ ሳይንሱንም አልተወም። የአውሮፓ ሆስፒታል በሽተኛውን እያወቀ ያጠፋ ይመስል ሲቀጣው፥ ባላገሩ በሽተኛውን ከበሽታው ለይቶ ማክበሩን ግን አደነቀ። በእኛ አስተያየት ከሥራው ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀው ይህ ነው።

ጦርነቱ በ1954 ተነሥቶ ነበርና የተገረፈውም ገራፊውም ከእርሱ ዘንድ ይመጡ ጀመር። በ1956 መጨረሻ ሥራውን ለቀቀ፤ በጥር 1957 ከአገር አስወጡት። ቱኒስ ገብቶ በሻርል ኒኮል ሆስፒታል በሽተኞች ቀን ታክመው ማታ ወደ ቤተ ሰባቸው የሚገቡበትን ክፍል አቋቋመ። ታኅሣሥ 6 ቀን 1961 በ36 ዓመቱ በደም ካንሰር አሜሪካ ውስጥ ሞተ፤ በኑዛዜውም መሠረት አስከሬኑ በአልጄሪያ አፈር ተቀበረ። የብሊዳውም ሆስፒታል ዛሬ በስሙ ይጠራል።