ድል ወንበራ፦ ልጅን በልጅ የለወጡ እናት

በተከበረው የረመዳን ወር ስለ ደጋግ ሴቶች ስናወሳ ብዙ ጊዜ ወደ መካና መዲና እንሄዳለን። ከአገራችን ሴቶች ልጆቻችን ሊያውቋቸው ከሚገቡት አንዷ ባቲ ድል ወንበራ ናቸው። ባቲ የክብር መጠሪያቸው ነው። ድል ወንበራ ደግሞ ድል መቀመጫዋ ነው ማለት ነው።

የዘይላው ገዥ የኢማም ማሕፉዝ ልጅ ናቸው። አባታቸው በ1517 (እ.ኤ.አ.) በጦር ሜዳ ወደቁ። እሳቸውም ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምን አገቡ። ባላቸው ሲዘምቱ ወታደሮቹ ቢቃወሙም አብረው ተጓዙ፤ ዳገቱ በጠና ጊዜ ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመው አሻገሯቸው። በዘመቻ ላይ ሳሉ በ1531 መሐመድን፣ በ1533 አሕመድን ወለዱ።

ጦርነቱ ለማንም አልራራም። በ1542 ከዋጃችን በስተሰሜን ባለው ደጋ፣ ከአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ወፍላ ላይ ብዙ ሰው አለቀ። በየካቲት 1543 ኢማሙ ወይና ደጋ ላይ ተገደሉ። ድል ወንበራ ከተረፉት ጋር ሲያመልጡ ልጃቸው መሐመድ ተማረከ።

በሌላው ወገን እቴጌ ሰብለ ወንጌልም የተማረከ ልጅ ነበራቸው። ሚናስ በኢማሙ ሰዎች እጅ ወድቆ፣ በመጨረሻ ባሕር ተሻግሮ ወደ የመን ተልኮ ነበር። ባል የሞተባት እናት ከባል የሞተባት እናት ጋር ተላላኩ፤ ልጅ በልጅ ተለወጠ። ሚናስ ኋላ ነገሠ።

የድል ወንበራ ታሪክ ግን በዚህ አያበቃም። ወደ ሐረር ተመልሰው የኢማሙን ዘመድ አሚር ኑርን ሲያገቡ የባላቸውን ደም እንዲመልስ ቃል አስገቡት ይባላል። በ1559 አጼ ገላውዴዎስ በአሚር ኑር ጦር ተገደሉ። ገላውዴዎስ ደግሞ የሰብለ ወንጌል ልጅ ናቸው። ሐረርም ከዚያ ድል በኋላ ረሃብና ወረርሽኝ አየች።

ወላጆች ሆይ፣ ለልጆቻችን ሁለቱንም እንንገራቸው። በቀሉ ለሰብለ ወንጌል ሌላ ሐዘን ጨመረ፤ ልውውጡ ግን ሁለት ልጆችን ወደ እናቶቻቸው መለሰ። ሱረቱል ኢንሳንም ለድሃ፣ ለየቲምና ለምርኮኛ የሚያበሉትን ያወድሳል፤ ምርኮኛ ደግሞ ከጠላት ወገን የመጣ ሰው ነው። ራያም ልጇን የምትጠብቅ እናት ምን እንደምትመስል ያውቃል። በኢፍጣር ሰዓት ዱዓችን ከመቀበሉ በፊት የማን እናት እንደሆነች አንጠይቅ፤ ለሁሏም እንለምን።